ሌባ በሌለበት መንደር የጠፋው ፈረስ

እስከዛሬ የጻፍኩት ሁሉ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ነው። ይህኛው እኔ ላይ የደረሰ ነው፤ በትክክል ለመናገር ደግሞ እኔ ሌላ ሰው ላይ ያደረስኩት ነው። በጋዜጣ ያወጣሁት ግማሹን ብቻ ነበር። ቀሪውን ለመጻፍ ሁለት ዓመት የፈጀብኝ አንድም አፍሬ፣ አንድም የሚመለከታቸውን ሰዎች ማስፈቀድ ስለነበረብኝ ነው። ፈቅደውልኛል። የቀበሌው ሊቀመንበር ብቻ የመንደሩን ስም እንዳልጠቅስ ለመነኝ፤ ለምን እንደለመነኝ ስታነቡ ትረዱታላችሁ።

ሮቤ ተወልጄ ሮቤ ያደግኩ ሰው ነኝ። አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ጸሐፊ ነበር፤ እኔ አማርኛውን ከቤት፣ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ይዤ አደግኩ። ከሃያ ዓመት በላይ ዜና ሠርቻለሁ። የፍርድ ቤት፣ የፖሊስ፣ የእህል ዋጋ፣ የመንገድ ወሬ። ሥራው ካስተማረኝ ሁሉ አጥብቄ የያዝኩት ያልተጣራ ነገር አለመጻፍን ነው። ስም ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ። ሰዓት እመዘግባለሁ። አንድ ነገር ከመጻፌ በፊት ማን እንዳለው እጽፋለሁ። ባልደረቦቼ ይቀልዱብኛል፤ ባለቤቴም ወጡ ጨው በዝቶበታል ስላት “ማን አለ?” ብላ ምንጬን ትጠይቀኛለች።

የገብስ አጨዳ ወቅት ነበር። ዋና አዘጋጃችን ጠርቶ፣ ከዲንሾ መንገድ ወደ ላይ ሲወጣ ቤቶቹ ቁልፍ የማያውቁ አንድ መንደር እንዳለ ነገረኝ። ከዚያ መንደር የስርቆት ክስ ወደ ፖሊስ የመጣበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው የለም አሉ። ስለ ገበሬው የሕይወትና የንብረት ደኅንነት ጥሩ ጽሑፍ ይወጣዋል፣ ሂድና አጣርተህ ጻፈው አለኝ። የትብብር ደብዳቤ ተጽፎልኝ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ በማግስቱ ጠዋት ከሮቤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

የወረድኩት አስፋልት ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ባለሱቁ ሙዘይን ይባላል፤ ከስልጤ መጥቶ እዚያ የሰፈረ ፈጣን ሰው ነው። ያን ጠዋት ደግሞ ከወትሮው ይፈጥን ነበር፤ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ሮቤ ሊሄድ ሱቁን እየዘጋ ነው የደረስኩት። ወደ ላይኛው መንደር በእግር ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ስጠይቀው ጫማዬን አየና ሳቀ። ከሱቁ ጎን የቆመ አንድ ፈረስ አሳየኝ። ይህን ውሰድ አለኝ፤ ስትደርስ ልጓሙን አንገቱ ላይ ጠምጥመህ ልቀቀው፣ ቤቱን ያውቃል። ክፍያ ስጠይቀው እጁን አወናጨፈና ወደ መጣው አይሱዙ ሮጠ።

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ እንዲህ ጻፍኩ፦ “2፡40። አስፋልቱን ለቀቅኩ። ፈረስ፣ ዳማ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ። ንብረትነቱ የሙዘይን (ባለሱቅ)።”

ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

መንደሩ ስደርስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር። ሰው የለም። ሁሉም አጨዳ ወርዷል። ከፈረሱ ወርጄ፣ ልጓሙን አንገቱ ላይ ልጠመጥም እጄን አነሳሁና ቆምኩ። እስቲ ራሳችሁን በእኔ ቦታ አድርጉት። የሰው ንብረት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻውን ቁልቁል ሄዶ፣ ጥሻ አቋርጦ፣ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ሊቆም ነው? ጅብ ቢበላውስ? ሌባ ቢወስደውስ? ደግሞስ እኔ በምን እመለሳለሁ? ሙዘይን ስለቸኮለ ሳያስበው የተናገረው መሰለኝ። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ግማሽ ጣሪያው የወደቀ አሮጌ የዘር መጋዘን አየሁ። ፈረሱን እዚያ አስገብቼ፣ ኮርቻውን አውርጄ፣ በደንብ አሰርኩት። ከአጥር ሥር ያገኘሁትን ሣር በሁለት ሸክም አቀረብኩለት። በሩንም በድንጋይ ደገፍኩ። ለሰው ንብረት እንዲህ የተጠነቀቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሊቀመንበሩ አብዱልቃድር ከማሳ ተጠርቶ መጣ። ወጣት ነው፣ ስለ መንደሩ ሲያወራ እጁ አያርፍም። ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበና አጥፎ ኪሱ ከተተው። እስከ ቀትር በእግር አዞረኝ። በሮቹ በገመድ ብቻ የታሰሩ ቤቶችን አሳየኝ፤ ገመዱም ለጥጃ ነው እንጂ ለሌባ አይደለም አለ። አውድማ ላይ ያደረ ገብስ፣ ማሳ ላይ የተተወ ማጭድ፣ ጠባቂ የሌለው የነጭ ሽንኩርት ክምር አሳየኝ። ሁሉንም ጻፍኩ።

ከሁሉ የሚኮራበትን ለመጨረሻ አስቀምጦት ነበር። ከሩቅ ተዳፋት ላይ ብቻውን ገብስ የሚያጭድ ሰው በጣቱ ጠቆመኝ። ጀማል ይባላል። በጎረምሳነቱ ከሌላ መንደር በሬ ሰርቆ ጎባ ገበያ ላይ ተይዟል፣ ታስሯል፣ ፍርዱን ጨርሶ ባለፈው ዓመት ተመልሷል። መንደሩ እንዲህ ያለውን ሰው አያባርርም፤ ዝም ብሎም አይቀበልም። አምስት ዋስ ይጠይቃል። አምስት ሰዎች ከተገኙለት የአባቱን መሬት ያርሳል፣ ለሁለት ዓመት በእነሱ ስም ይኖራል። ከአምስቱ አንዱ ቢነሳና ፀሐይ ሳትጠልቅ ምትክ ባይገኝ ግን መሬቱን ለዘመድ ትቶ መንደሩን ይለቃል። ጀማል አምስት ዋስ አለው፤ በጠፋ ነገር ስሙ ተነስቶ አያውቅም አለኝ አብዱልቃድር። ይህንንም ጻፍኩ፤ “ሊቀመንበሩ እንዳሉት” የሚለውን ጨምሬ።

ቀትር ላይ ከሐጂ ከድር ቤት ገባን። ሐጂ የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ሲናገር ደግሞ ዓይናቸውን የሚከድኑ ሰው። ጩኮ ቀረበልን። የገብስ ዱቄትና ቅቤው ገና አፌ ውስጥ እያለ አዴ ሞሚና በር ላይ ቆመች።

አዴ ሞሚና፣ በእኛ አማርኛ እማማ ሞሚና፣ ባሏ የሞተባት፣ ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ምላሷ ያልደከመ ሴት ናት። ጠዋት ዲንሾ ገበያ ወርዳ ነበር። ተመልሳ ቤቷ ስትገባ ፈረሷ የለም። ሰላምታዋን በወጉ ጨርሳ፣ አላህን አመስግና፣ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

“ባሌን አላህ ወሰደው፣ ፈረሴን ሰው ወሰደው፣ በዚያ ላይ ጋዜጠኛ መጣ” አለች። “ዘንድሮ የቀረን በረዶ ብቻ ነው።”

የሊቀመንበሩን ፊት ብታዩት ታዝኑለት ነበር። ሌባ የለም የሚለው ቃል ገና ከደብተሬ ላይ ቀለሙ አልደረቀም። በጆሮዬ፣ ይህን እንዳልጽፍ ለመነኝ። እኔም፣ አሁን ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሌባ የሌለበት መንደር ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ ሌባ በሌለበት መንደር የተሰረቀ ፈረስ ግን ከዚያ ይበልጣል። ማን፣ መቼ፣ የት እያልኩ ጠየቅኩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ አስፋልት ላይ ሱቁ አጠገብ ትታው እንደሄደች ነገረችኝ። እዚያ ይለቁታል፣ ብቻውን ቤቱ ይገባል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ስትመለስ ሱቁ ተዘግቶ ስላገኘችው እንደ ሁልጊዜው ገብቷል ብላ በእግሯ ወጣች። ሊቀመንበሩ ባለሱቁ ዘንድ ሊደውል ኔትወርክ ያለባት ጉብታ ላይ ወጥቶ ተመለሰ፤ የሙዘይን ስልክ ተዘግቷል።

ብልህ አንባቢ ይህን ጊዜ ነገሩ ገብቶታል። እኔ ግን አልገባኝም። እኔ የመጣሁት በሙዘይን ፈረስ ነዋ፤ ደብተሬ ላይ ተጽፏል።

ሰዎች ወደ ጫካውና ወደ መንገዱ ተበተኑ። ዱካ የሚያውቁት ከመንደሩ የወጣ የፈረስ ኮቴ ፈልገው አጡ። ወደ መንደሩ የገባ ኮቴ ግን ማንም አልፈለገም፤ የተሰረቀ ፈረስ ወደ ውስጥ አይሄድም። ጎረቤት ጎረቤቱን አየ። የቀበሌውን መጋዘን ማንም አላየም። እዚያ ያለውም ፈረስ፣ ሣሩ ስለበቃው ይመስለኛል፣ ድምፁን የማሰማት ምክንያት አልነበረውም።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ሐጂ ከድር መንደሩን በሙሉ ሜዳ ላይ ሰበሰቡ። በእኛ በከተሜዎቹ ዘንድ አውጫጭኝ ሲባል ከአባቶቻችን የሰማነው ነገር አለ፤ እዚህ አሁንም ይሠራበታል። ደንቡ አጭር ነው። ነገሩ በጠፋበት ሰዓት መንደር ውስጥ የነበረ ሁሉ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ ተነስቶ ከንጋት ጀምሮ የዋለበትን ይናገራል፣ ያየውን ሰው ይጠራል። ሁሉም ተናግሮ ሳይጨርስ ማንም አይነሳም።

እኔ ከጎን ቆሜ ልጽፍ ነበር። ሐጂ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝና ጠዋት እዚህ ነበርክ አሉኝ። ነበርኩ አልኩ። በእጃቸው ሣሩን አሳዩኝ። የመጨረሻው ሚኒባስ እንደሚያመልጠኝ፣ እንግዳ እንደሆንኩ፣ ደብዳቤ እንዳለኝ ገለጽኩ። ደብዳቤው ፈረስ ጠባቂ እንደሆነ ጠየቁኝ። ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ያሉ ሴቶች ሱሪዬ በእበት እንዳይነካ ምን ያህል እንደተጠነቀቅኩ በዝርዝር እየተነጋገሩ ሳቁ፤ ኦሮምኛ እንደምሰማ አላወቁም፣ ወይም ጉዳያቸው አልነበረም።

ንግግሩ ረጅም ነበር፤ የተሰላቸ ሰው ግን አልነበረም። አንዱ ማሳ ወርጄ ነበር ቢል ሚስቱ ተኝቶ እንደነበር መሰከረችበት። አንዱ የጎረቤቱን ውኃ ቦይ ሌሊት እንደሚያዞር ማንም ሳይጠይቀው ተናዘዘ፤ ሐጂም ያ በሌላ ቀን ይታያል ብለው አስቀመጡት። ስምንት ሰዓት አለፈ። ዘጠኝ ሆነ። ሁሉም ምስክር ነበረው።

ጀማል ተነሳ። ቀጭን ነው፣ ማጭዱን እንደያዘ ነው የመጣው። ከንጋት ጀምሮ ገብሱን ሲያጭድ እንደዋለ ተናገረ።

“ማን አየህ?” አሉት ሐጂ።

“ገብሱ።”

ጥቂት ሰው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። የሱ ማሳ ከሁሉም የራቀ ነው፤ ከጠዋት ሁለት ሰዓት እስከ አምስት አንድም ሰው በዚያ አላለፈም። እኔና ሊቀመንበሩ ከሩቅ ያየነው አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር፤ ደብተሬን ገልጬ አረጋግጫለሁ። ጀማል ዙሪያውን አየ። ማንም ዓይኑን አላየውም።

ኦቦ አብዶ የሚባል ጎልማሳ ቆመ። ከአምስቱ ዋሶች አንዱ ነው። ልጆች እንዳሉት፣ ስሙን ከዚህ በላይ ማስያዝ እንደማይችል ተናገረ። ፈረሱ አሁን ድንገት ቢመጣ እንኳ አንድ ሰው ፈርቶ ስለለቀቀው ነው የሚመጣው አለ። ዋስነቴን አንስቻለሁ ብሎ ተቀመጠ።

ሐጂ ወደ ምዕራብ አዩ። ፀሐይዋ ገና ነበረች፣ ግን ብዙም አልቀራትም። የአብዶን ቦታ የሚወስድ ሰው እንዳለ ጠየቁ። ማንም አልተነሳም። ጀማል ማጭዱን መሬት ላይ አስቀመጠ። ደጋግሜ ያየሁትን ነገር ነው ያየሁት፤ በፍርድ ቤት ወንበር ላይ ስቀመጥ ብዙ ሰው እንዲህ ተስፋ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ጻፍኩትም። “10፡05። ተጠርጣሪው ምንም አልተናገረም።” ተጠርጣሪ የሚለውን ቃል እዚያ ሜዳ ላይ የተጠቀመ ሰው አልነበረም። እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ጽሑፉን ለማሟላት አንድ ነገር ጎደለኝ። ወደ አዴ ሞሚና ዘንበል ብዬ ፈረሷ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቅኳት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለዚህ ፈረስ ሲወራ ተቀምጫለሁ፤ ይህን የጠየቀ የለም። እነሱ አይጠይቁም፣ ፈረሱን ከውርንጭላነቱ ያውቁታል። እኔ ግን ሃያ ዓመት የሠራሁ ሰው ነበርኩ።

“ዳማ ነው” አለች። “የግራ ጆሮውን ጫፍ ጅብ ነክሶታል።”

ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ማንበብ አላስፈለገኝም፣ ግን አነበብኩት። ከአጠገቤ የተቀመጠው አብዱልቃድር አማርኛ ያነባል። እሱም አነበበው። ፊቱን ሳላየው ትንፋሹን ሰማሁት። ፈረሱ የት እንዳለ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት።

“ሽንቴን ልሽና ብዬ ልነሳና ልፍታው” አለኝ። “ቤቱ ይገባል። ጠፍቶ መጣ ይባላል፣ አለቀ። እርስዎ ጽሑፍዎን ይጽፋሉ፣ እኛም ሌባ የሌለበት መንደር ሆነን እንቀራለን።”

“ጀማልስ?”

ዓይኑን ወደ አብዶ መለሰ። አብዶ ያለውን ሁለታችንም ሰምተናል። ፈረሱ ብቻውን ቢመጣ ጀማል ሰርቆ፣ ፈርቶ የለቀቀ ሰው ሆኖ ይቀራል። መንደሩን ለቆ ሲሄድም ስሙ እዚያ ይኖራል።

በድፍረት ተነሳሁ ብላችሁ ደስ ይላችሁ ይሆናል። እውነቱ ግን፣ ለተወሰነ ጊዜ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ስለ ጋዜጣው ስም አሰብኩ። ሮቤ ላይ ስለሚሳቅብኝ ሳቅ አሰብኩ። ሙዘይን ነገ ስልኩን ሲከፍት ሁሉን ነገር ይናገራል፣ ታዲያ እኔ ዛሬ ለምን እቸኩላለሁ ብዬም አሰብኩ። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ በጣም ምክንያታዊ መሰለኝ። ችግሩ፣ ነገ ጀማል እዚያ አይኖርም።

ሐጂ ጠሩኝ። ተራዬ ደረሰ። ተነሳሁ፤ ሱሪዬ በእበት ተነክቷል።

“ሐጂ፣ ፈረሱ ዘር መጋዘኑ ውስጥ ነው” አልኩ። “ያሰርኩት እኔ ነኝ።”

ሐጂ ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ከንጋት ጀምረህ ተናገር አሉኝ፤ ደንቡ ለማንም አይለወጥም። ተናገርኩ። ከሚኒባሱ ጀምሬ ሰዓቱን እየጠራሁ፣ እስከ ሁለተኛው ሸክም ሣር ድረስ። ስለ ጅቡ የፈራሁትን ስናገር አንድ ሰው አሳለ። በሩን በድንጋይ እንደደገፍኩ ስናገር ሴቶቹ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሌባ እንዳይወስደው ብዬ ነው ስል አብዱልቃድር ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ማንም ግን አልሳቀም፣ አዴ ሞሚናን ይጠብቁ ነበር። ፈረሱ የሷ ነው።

አዴ ሞሚና ሻሿን አስተካክላ ተነሳች።

“ሐጂ” አለች፣ “ሌቦቻችን በጨለማ ነበር የሚመጡት። ይኸኛው በማኅተም መጣ።”

ሜዳው ሁሉ ተናወጠ። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌዎች እንባቸውን ጠረጉ። ፈረሱ ተፈትቶ መጣ፤ በሕዝቡ መሃል ቀጥ ብሎ አልፎ፣ ማንንም ሳያይ፣ ወደ አዴ ሞሚና ቤት ሄደ። ሙዘይን ከጠዋቱ የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

ሁሉም ሊነሳ ሲል ሐጂ እጃቸውን አነሱ። ፈረሱ ተገኘ አሉ፤ የጀማል ዋስ ግን አልተገኘም።

አብዶ ፊቱ ቀልቶ ተነስቶ ልመለስ አለ። አይሆንም አሉት። በመንደሩ ደንብ ዋስነቱን ያነሳ ሰው በዚያው ቀን መልሶ መግባት አይችልም፤ ነገሩ ጨዋታ እንዳይሆን ነው። ይህን ጊዜ ሌሎች ሁለት ሰዎች እኛ እንግባ ብለው ቆሙ። አሁን ቀላል ነበር። ሐጂ ወደ ጀማል ዞሩ፣ ምረጥ አሉት።

ጀማል ማጭዱን አነሳ። የተነሱትን ሁለቱን አመሰገነ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ።

ደንግጬ ሥራዬን ገለጽኩ። ጋዜጠኛ ወገን አይይዝም፤ ዋስ መሆን ደግሞ ወገን መያዝ ነው። ሰውየውን አላውቀውም፤ ዛሬ ነው ያየሁት። ስለማላውቀው ነገር ቃል መስጠት ሕጌ አይፈቅድልኝም። ሐጂ ዓይናቸውን ከድነው እስክጨርስ ጠበቁ።

“ፈረሱን ስታስር ይህ ሕግህ የት ሄዶ ነበር?” አሉኝ።

አንድ ሰው፣ ዋስ የመንደሩ ሰው መሆን አለበት ሲል ተቃወመ። አዴ ሞሚና መለሰችለት። ጩኳችንን በልቷል፣ ፈረሳችንን ጠፋ አሰኝቷል፣ ሜዳችን ላይ ተቀምጧል፣ ከዚህ በላይ የመንደር ሰው ምን ያደርጋል አለች። ጀማል ደግሞ እኔን እያየ፣ ባልሠራሁት ሊያስወጡኝ የሚችሉ ሰው ከሆኑ ባልሠራሁት ሊያስቀሩኝም ይችላሉ አለ። በፈገግታ ነው ያለው።

ሐጂ እርጥብ ሣር ነጭተው ለቃል ማሰሪያ ሰጡን። እኔና ጀማል በሁለት ጫፍ ያዝነው። ፀሐይዋ ከተራራው በላይ አንድ ክንድ ያህል ቀርቷት ነበር።

በጋዜጣው ላይ መንደሩ ያለ ቁልፍ እንደሚኖር፣ በጎበኘሁበት ቀን አንድ ፈረስ ጠፍቶ በዕለቱ እንደተገኘ ጻፍኩ። ማን እንደደበቀው አልጻፍኩም። ዋና አዘጋጁ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። የዜና ምንጭም ተከሳሽም ሆነህ አንድ ገጽ ላይ ልትወጣ አትችልም አለኝ። ለአንድ ወር ቢሮው ውስጥ የእስክሪብቶ ክዳን በጠፋ ቁጥር ሁሉም ወደ እኔ ጠረጴዛ ይመጣ ነበር።

እውነተኛው ቅጣት ግን ከዚያ በኋላ ነው የጀመረው። በዚያ መንደር ለዋስ ይደወላል። አንድ በግ ስትጠፋ ተደወለልኝ፤ የዞን ስብሰባ አቋርጬ ወጣሁ፣ ሜዳው ላይ እስከ አስር ሰዓት ተቀመጥኩ፣ በጓን ቀበሮ እንደበላት ታወቀ። ሁለት ዶሮ ሲጠፋ ተደወለልኝ። ባለቤቴ ለዶሮ ነው የምትሄደው ብላ ጠየቀችኝ፤ ለጀማል ነው አልኳት። ምንጬን አልጠየቀችኝም።

አንባቢዎች ሆይ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ብትሉኝ ትልቅ ነገር አልነግራችሁም። ከዚያ በፊት ስለ ሰው ሳጣራ፣ ጥፋቱን ነበር የማጣራው። ያለፈውን ክስ፣ የተያዘበትን ቀን፣ ምስክሩን። ሥራዬ ነው፣ አሁንም አደርገዋለሁ። ነገር ግን ዛሬ ፍርድ ቤት ስቀመጥ አንድ ሌላ ጥያቄ እጨምራለሁ። ለዚህ ሰው የቆመ ማን አለ? ብዙ ጊዜ መልሱ ማንም የለም ነው። ያን ጊዜ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። ተጠርጣሪ የሚለውን ቃል ስጽፍ፣ ማን እንዳለው አብሬ እጽፋለሁ፤ ያለው እኔ ብቻ ከሆንኩ እሰርዘዋለሁ። እናንተም በየሰፈራችሁ አንድ ነገር በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ ስሙ የሚነሳ አንድ ሰው ታውቃላችሁ። እስቲ ማን ቀድሞ እንዳነሳው አስታውሱ።

የጀማል ሁለት ዓመት ባለፈው መኸር አለቀ። ሐጂ ራሳቸው ጉብታዋ ላይ ወጥተው ደውለው ነፃ ነህ አሉኝ። ነፃ የወጣው እሱ ነው ወይስ እኔ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ሳቁና ዘጉት።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጀማል ደወለ። ከእስር የተፈታ አንድ ልጅ ወደ መንደሩ ሊመለስ ነው አለኝ። ጀማል የመጀመሪያው ዋስ ሆኖለታል፣ አዴ ሞሚና ሁለተኛ ናት፣ አራት ሞልተዋል፣ አንድ ጎድሏል። ስሙን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ጥፋቱን ጠየቅኩት፣ ዓመቱን ጠየቅኩት፣ የት እንደታሰረ ጠየቅኩት። ሁሉንም በትዕግሥት መለሰልኝ።

“አንተ ልጁን ታውቀዋለህ?” አልኩት በመጨረሻ።

“አላውቀውም፣ ኦቦ። እርስዎስ እኔን ያውቁኝ ነበር?”

ዋሶቹ የሚቆሙበት ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት። ቅዳሜ ነው አለኝ። ቅዳሜ አልኩና ጻፍኩት።